በረዶ የወረደ ለታ

ኧረ ስሙኝማ! ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ።

በጌዴኦዋ መንደር በባንኮ ጎቲቲ ያደገ ሰው በረዶ ሲጥል የሚሰማቸውን ሁለት ድምፆች አይረሳም። አንዱ ቆርቆሮው ላይ የሚንጋጋው ነው። ሌላው የአባወራው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ «አበባውን ጨረሰው!» ይላል። የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል የጌዴኦ ቡና ነጭ ይለብሳል። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ እሸት ሆኖ የሚለቀመው ያ አበባ ነው። በረዶ የመታው እንደሆነ ግን መሬት ላይ ይረግፍና ነጩ ከነጩ ይቀላቀላል፤ የቱ አበባ የቱ በረዶ እንደሆነ አይለይም። አባወራው እዚያ ላይ የሚያየው የልጆቹን ደብተር፣ የቤቱን ክዳን፣ ያልተከፈለውን ብድር ነው።

ልጆቹስ? ልጆቹ የሚያዩት ቁልቁለቱን ነው።

ጎቲቲ ሜዳ አልተሰጣትም። ከዲላ ተነሥታችሁ፣ ይርጋ ጨፌን አልፋችሁ፣ ወደ ጌዴብ ስትዘልቁ አገሩ ሁሉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ቤቱም እንሰቱም ቡናውም ተዳፋቱን ይዞ ነው የቆመው። በረዶው ሲያባራ፣ ፀሐይ ሳትቀድመን፣ ግማሽ ሰዓት ብትኖረን ነው። ከጓሮ የእንሰት ኮባ ተገንጥሎ ይመጣል። በሰፊው በኩል መቀመጥ፣ ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ደረት መሳብ፣ ከኋላ የሚገፋ ጓደኛ መለመን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዜር ሥራ ነው። የቀኝ ተረከዝህን ከተከልክ ወደ ቀኝ ትዞራለህ፤ ሁለቱንም ከተከልክ ትቆማለህ፤ አንዱንም ካልተከልክ የቡና ግንድ ያቆምሃል። ቁምጣችን ከኋላው ቀይ ጭቃ ይዞ ስንመለስ፣ እናቶቻችን ምድጃው አጠገብ ዱላውን ይዘው ይጠብቁን ነበር።

እንግዲህ በዚህ መንደር ላይ ሆኜ የማወጋችሁ ይህንኑ ጨዋታ ኦሊምፒክ ድረስ ስለወሰደው ኢትዮጵያዊ ነው። በመንገዴ ላይም አንድ የጌዴብ ልጅ አለ፤ እሱን ቆይተን እናገኘዋለን።

መጀመሪያ ግን የአባቶቻችንን ላንሣ። የኛ ሰው ከበረዶ ጋር የተዋወቀው በክፉ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ሂምያርን ሊወጉ በሚሰናዱበት ሰሞን፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበር። እዚያ ከእብነ በረድ የተሠራ ዙፋን ቆሟል፤ ላዩ ላይ በግሪክኛ የተጻፈ ነገር አለ። ገልብጠህ አምጣ ተባለና ገለበጠው። ድንጋዩ ዛሬ የለም፣ የሱ ግልባጭ ግን አለ። ጽሑፉ ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን አገሮች እየቆጠረ ይሄዳል። ስሜን ላይ ሲደርስ ቆም ይልና፣ ይህ ሕዝብ የሚኖረው በማይደረስባቸው ተራሮች ላይ ነው፤ ውርጭና ዐውሎ አይጠፋም፤ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰምጣል ይላል። ጉልበት ድረስ! ኮስማስም ዝም አላለም፤ የአክሱም ንጉሥ ሊያግዘው የፈረደበትን ሰው የሚልከው ወደዚያ ነው ብሎ ከራሱ ጨመረ።

አያችሁ? በመጀመሪያው ወሬያችን በረዶ የግዞት ቤት ነው። ሰው ይላክበታል እንጂ ማንም ወዶ አይሄድበትም።

ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት አልፎ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣ፤ አገሩን ዞረና በስሜን ተራሮች በረዶ አላየሁም ብሎ ጻፈ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ደግሞ አየሁ አለ፤ ብሩስ ያላየው ከተራራው ግርጌ አልፎ ስላልወጣ ነው ብሎም ነገሩን ዘጋው። ፈረንጅ በፈረንጅ ላይ ሲመሰክር ደስ ይለኛል።

እርግጥ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በረዶ ይጥልበታል። ባሌም ሳነቴ አምባ ላይ ሌሊቱን ሲጥል ያድርና ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ ይገኛል። ችግሩ ፀሐያችን ናት። የምድር ወገብ ሰዎች ስለሆንን ፀሐይ አናታችን ላይ ትወጣለች፤ ሌሊት የወረደው ረፋድ ላይ ውሃ ነው። ጎቲቲ ላይ የሚወርደው ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ዓይነት ነው፤ ደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ የዝናቡን ጠብታ ደጋግሞ እያነሣ ጠጠር ያደርገውና ሲከብደው ይለቀዋል። የፈረንጅ አገሩ ግን ጥጥ ነው፤ ከደመና እስከ መሬት ያለው አየር ሁሉ ስለቀዘቀዘ ሳይቀልጥ ይደርሳል፣ ወር ሙሉም ይከርማል። ስኪ የሚፈልገው ይህን መክረሙን ነው።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ።

ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ የተወለደው በ1967 ዓ.ም. መስከረም ነው፤ ጃንሆይ ከዙፋን በወረዱበት ሰሞን ማለት ነው። ገና ልጅ ሳለ አሜሪካ ተወሰደ፤ ዕድል ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት ሰሜን ጫፍ፣ ሌክ ፕላሲድ የምትባል ከተማ ጣለችው። ይህች ከተማ ትንሽ ናት፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1980 ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ አስተናግዳለች። እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ በረዶው ከደጅ ይጠብቀዋል፤ ሲመለስም ከደጅ ይቀበለዋል። ስኪ እዚያ ብርቅ አይደለም።

በቆጂን አስቡ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከአርሲዋ ከዚያች ከተማ አካባቢ ሲወጡ፣ ዓለም ምን ይበላሉ ምን ይጠጣሉ እያለ ተመራመረ። እኔ ግን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሜዳው ከቤት ውጭ ነበር፤ ሩጫው ከመንገዱ ጋር የመጣ ነበር፤ ትራክ ፍለጋ ማንም አልባዘነም። ሮቤልም በቆጂ ቢያድግ ይሮጥ ነበር፣ ሌክ ፕላሲድ ስላደገ ተንሸራተተ፤ እኔ ከዚህ የተለየ ምስጢር አላየሁበትም። ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ሲገባም በስኪው ተወዳደረ።

የሱ ዓይነት ስኪ ቁልቁል የሚወረድበት ብቻ አይደለም። አገር አቋራጭ ነው፤ ዳገቱም አለ። ሁለት ቀጫጭን ረጃጅም ነገሮች እግር ላይ ይታሰራሉ፤ ጫማው ከፊት ብቻ ነው የሚያዘው፣ ተረከዝ ይነሣል። ሁለት ዘንግ በእጅ ይያዛል። ከስኪው ሥር የሚቀባ ሰም አለ፤ አንዱ ሰም እንዲንሸራተት፣ ሌላው ደግሞ ዳገት ሲወጣ በረዶውን እንዲይዝ ነው። የዕለቱን ብርድ አይቶ ሰም መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሰሙን የሳተ ሰው ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። 15 ኪሎ ሜትር እንዲህ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ዳገት የሚያውቅ የጎቲቲ ሰው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሮቤል ለአሜሪካ ልወዳደር አላለም። የኢትዮጵያ የስኪ ፌዴሬሽን እንዲቋቋም ደጅ ጠናና፣ የካቲት 1998 ዓ.ም. ጣሊያን ቶሪኖ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ይዞ ብቻውን ገባ። ቡድኑ እሱ፣ አምበሉም እሱ፣ ባንዲራ ያዡም እሱ። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትታይ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ውድድሩ የካቲት 10 ቀን ፕራጄላቶ በምትባል የተራራ መንደር ሆነ። በዚህ ዓይነቱ ውድድር ሁሉም አብሮ አይነሣም፤ በ30 ሰከንድ ልዩነት አንድ አንድ እየሆነ ይለቀቃል፤ የምትሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ነው። አንደኛ የወጣው ኤስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ገባ። የኛው ወደ 10 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ፣ ደረጃው ከ80 በላይ ሆኖ ገባ።

ቆይ፣ አታጉረምርሙ! ገና አልጨረስኩም። ከኋላው ማን ገባ መሰላችሁ? ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት!

ቦይትን ካላወቃችሁ ልንገራችሁ፤ ጨዋ ሰው ነው። ሯጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓን ናጋኖ ላይ ለኬንያ በስኪ ወጥቶ 10 ኪሎ ሜትሩን በመጨረሻ ደረጃ ጨረሰ። አሸናፊው ኖርዌያዊው ቢየርን ዴሊ ሽልማቱን ሳይቀበል መድረሻው ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ሲገባም አቀፈው። ቦይት አገሩ ሲመለስ ለልጁ ዴሊ ብሎ ስም አወጣለት። ታዲያ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ10 ሺህም በማራቶንም የለመድነው ፉክክር በረዶ ላይ ተደገመ፤ ኢትዮጵያም ኬንያን ቀደመች። ይህን ያህል ዜና ሆኖ ያልተዘመረለት ድል አላውቅም። እኔ የስፖርት ገጽ አዘጋጅ ብሆን ርዕሱን በትልቁ «ኬንያን በበረዶም!» ብዬ አወጣው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሮቤል አዲስ አበባም መጥቶ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ጎማው በረዶ ለሌለበት ጊዜ የተፈለሰፈ ነው፤ ዘንጉም አለ፣ እርምጃውም ያው ነው። በአስፋልቱ ዳር የቆመ ሰው ምን እንዳለ መገመት አያቅትም።

አሁን የጌዴቡን ልጅ እናምጣው።

ይህ ሰው ቤቱ ከጎቲቲ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ኮባ ላይ አብረን ተገፍተናል። ዕጣው ወጥቶለት አሜሪካ ገባ፤ ከዋሽንግተን ጥግ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሚስት አግብቶ፣ ሁለት ልጅ ወልዶ፣ ታክሲ ይነዳ ነበር። የምነግራችሁን የነገረኝ እሱ ነው፤ የሱን ግነት ቀንሼ ነው የማቀርበው።

አርብ ጥር 28 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። በረዶው ቀን ጀምሮ፣ ሌሊቱን ሁሉ ሲጥል አድሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ያባራው። ከከተማው አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ 45 ሴንቲ ሜትር ተለካ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያርፍበት በደለስ ደግሞ ከ80 ሴንቲ ሜትር አለፈ። ፕሬዚዳንት ኦባማ «ስኖማጌዶን» አሉት፤ የበረዶ ምጽአት እንደ ማለት ነው። አስታወሳችሁ፣ የአክሱሙ ንጉሥ ጉልበት ድረስ ያለውን? ይህ እሱን አልፎ ሄዷል።

ቀኑ ደግሞ ክፉ ገጠመ። እሑድ ቅበላ ነው፤ ሰኞ የካቲት 1 ዐቢይ ጾም ይገባል። ጌዴብ ብዙው ሰው ፕሮቴስታንት ስለሆነ ልጁን ቅበላ ብዙም አያስጨንቀው፤ ሚስቱ ግን ጎንደሬ ናት። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያለ ሐበሻ ለቅበላ ምን ያህል እንደሚሰናዳ ታውቃላችሁ። ክትፎ ቤቱ፣ ጥብስ ቤቱ የዓመቱን ገበያ የሚያደርገው ያን ቀን ነው። በዚያ ዓመት ግን በሩ ራሱ አልታይ ብሏል፤ አውቶቡስ ቆሟል፣ ባቡሩም ከምድር በላይ ያለው መሥመሩ ተዘግቷል። ታክሲው የት እንዳለ የሚታወቀው በጉብታው ነው። «ሥጋውን ሐሙስ ባልገዛ ኖሮ ጉዳችን ነበር» ብላ ሚስቱ እስከ ፋሲካ ተመጻደቀችበት አለኝ።

እሑድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሥራ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሰኞ እስከ ሐሙስ እንደሚዘጉ ገና አልታወቀም። ሰውየው በመስኮት ሲያይ ዓይኑ የሄደው ወደ ታክሲው ነው፤ አካፋ፣ ጨው፣ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ። አባቱ ቡና አበባውን ባየበት ዓይን ማለት ነው፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አላለም።

ልጆቹ ግን ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ተዳፋት ነው ያዩት።

«አባቢ፣ ሰዎቹ እየተንሸራተቱ ነው! እኛም!»

«በምን?»

በምን የሚለው ጥያቄ በእርግጥም ጥያቄ ነበር፤ የፕላስቲክ መንሸራተቻ ከየሱቁ አልቋል። ጎረቤቶች ያገኙትን ይዘው ወጥተዋል፤ አንዱ የልብስ ቅርጫት ክዳን፣ አንዱ የመኪና ንጣፍ፣ አንዱ የተነፋ ፍራሽ። ሰውየው ወጥ ቤት ገብቶ ዳቦ የሚጋገርበትን ሰፊ ትሪ አነሣ፤ ሚስቱ ሳታየው የቴሌቪዥኑን ካርቶንም ቀደደ። ትሪው ላይ ትንሿን አስቀመጠ፣ ካርቶኑ ላይ ትልቁን ይዞ ራሱ ተቀመጠ። ጫፉን ወደ ደረቱ ሳበ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው፣ ላቲኑም ጥቁሩም ነጩም፣ ግራ ቀኝ እየተጋጨና እየተገለበጠ ሲወርድ፣ የጌዴቡ ልጅ በተረከዙ እየዘወረ፣ በሁለት ዛፎች መካከል ሹልክ ብሎ፣ ታች ያለው አጥር ጋ ሲደርስ ሁለቱን ተረከዝ ተክሎ ቆመ።

«ዌር ዲድ ዩ ለርን ዛት?» አለው አንዱ ጎረቤት። የት ተማርከው ነው ነገሩ።

«ባንኮ ጎቲቲ!»

ፈረንጁ የስኪ መዝናኛ ስም መስሎት ሳይሆን አይቀርም፤ ቡና ጠጪ ከሆነ ግን ከረጢቱ ላይ አንብቦት ይሆናል። ከዚያ በኋላማ ሰውየው አሠልጣኝ ሆነ። የጎረቤት ልጆች ተሰልፈው «ፑሽ ሚ!» ሲሉት ዋለ።

ከተማው በሙሉ እንዲሁ ነበር። ዱፖንት ሰርክል አደባባይ ላይ ቅዳሜውን ብዙ ሕዝብ በፌስቡክ ተጠራርቶ የበረዶ ኳስ ሲወራወር ውሏል። ሰዉ በከተማው ጎዳና መሀል መኪና በሌለበት ስኪ አድርጎ ይሄዳል፤ ዳቦ ሊገዛም የወጣ አለ። የጌዴቡ ልጅ ጆርጂያ ጎዳና ላይ አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን እየተከሉ ሲያልፉ አይቶ ቆሞ ቀረ፤ በየቀኑ የሚነዳበት፣ ቀይ መብራቱን አንድ በአንድ የሚያውቀው መንገድ ነው። እዚያ ነው ሮቤል ትዝ ያለው። «የኛስ ሰው በዚህ ሳምንት ካናዳ ሊወዳደር አይደል?»

ነበር። በቫንኩቨር ኦሊምፒክ ሊከፈት የቀረው ጥቂት ቀን ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ ክረምቱ ሞቀና ሳይፕረስ ተራራ ላይ በረዶ ጠፋ። አዘጋጆቹ በጭነት መኪናና በሄሊኮፕተር እያስመጡ፣ የገለባ ነዶ ከሥር እየደለደሉ መወዳደሪያውን ሠሩ። ማክሰኞና ረቡዕ ዋሽንግተን ላይ ሁለተኛው በረዶ ሲደረብ ሰውየው ታክሲውን ለሁለተኛ ጊዜ እየቆፈረ ዜናውን ሰማ። «እኛ በአካፋ የምንጥለውን እነሱ በሄሊኮፕተር ያመጡታል! ለምን አይጠሩኝም?» አለ። ለኔም ሲነግረኝ ንዴቱ አልበረደም።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሰኞ፣ የካቲት 8 ቀን፣ አሜሪካ በዓል ነበር። ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። የሮቤል ውድድር ዊስለር ላይ ነው፤ እዚያ በረዶ አልጠፋም። 15 ኪሎ ሜትር ነው አሁንም፤ በዚህኛው ግን እግር በሰፊው እየተወረወረ እንደ በረዶ ሸርተቴ የሚሄድበት ዓይነት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዳሪዮ ኮሎኛ ሲያሸንፍ ታየ፤ ሜዳሊያ የወሰዱት ታዩ፤ ከዚያ ካሜራው ወደ ሌላ ስፖርት ሄደ። ሮቤል ገና መንገድ ላይ ነበር።

በነገራችን ላይ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት የክረምት ኦሊምፒኮች ያቺ ባንዲራ ተመልሳ አልወጣችም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሶቺ አልነበረችም፤ በ2018 ፒዮንግቻንግ አልነበረችም፤ በ2022 ቤይጂንግም እንዲሁ። ጎረቤታችን ኤርትራ ግን ፒዮንግቻንግ ላይ በሻነን አበዳ ስኪ ገብታለች፤ ቤይጂንግም ተደግሟል። ልጁ የተወለደው ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ነው። አሁንም በረዶ ደጅ ላይ ያለበት አገር ማለት ነው። ሚኒያፖሊስና ካልጋሪ፣ ኦስሎና ስቶክሆልም የሚያድጉ የኛ ልጆች ብዙ ናቸው፤ በረዶ ሲወርድ ብርድ ይመታሃል ተብለው ካልተቆለፈባቸው ተከታዩ ከነሱ አንዱ ነው።

ወደዚያ ሰኞ ልመልሳችሁ፤ ቴሌቪዥኑ ሮቤልን ስላላሳየው የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰውዬ ኮምፒውተር ከፈተ። ስሞቹ በደረጃ ተዘርዝረዋል፤ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ጣሊያን፣ ሩሲያ። እየወረደ ሄደ። ሃምሳ። ሰባ። ሰማንያ። ልጆቹ ትከሻው ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ሚስቱ የጾሙን ሽሮ ጥዳ ከወጥ ቤት ትጣራለች። ከ90 በላይ ሲደርስ ባንዲራዋ ብቅ አለች።

«አባቢ፣ አሸነፍን?» አለው ትልቁ።

ሰውየው ወደ ታች አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገና አየ።

«ከኋላችንም ሰው አለ» አለ።

«ስንት?»

«ስንትም ይሁን! ካፖርትህን ልበስ፣ ትሪውን አምጣ።»

«ትሪዬን ትነኩና!» አለች ሚስቱ፤ እነሱ ግን ደረጃውን ወርደው ነበር።